ከጓዳ የሚጠራው ድምፅ

ጥሩወርቅ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ልጅዋ ከሆስፒታል በወጣች በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቀትር ላይ ነው። በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። የአራት ዓመቷ ሮማነወርቅ አጠገቧ ሰሌን ላይ ተኝታለች፤ አንገቷ ላይ በነጭ ጥብጣብ የታሰረው የብረት ቱቦ በተነፈሰች ቁጥር ቀጭን ፉጨት ያወጣል። ጥሪው የመጣው ግን ከኋላዋ፣ ከጓዳ፣ ከውሃው ጋን በኩል ነበር።

«እማዬ፣ ነይ።»

«ወዬ» ብላ ብድግ አለች፤ ምስሩ ከሰፌዱ ተበተነ። ሁለት ሦስት እርምጃ ከሄደች በኋላ ነው ልጅዋ ከፊት ለፊቷ እንደተኛች፣ ድምፅ ካጣችም ወር እንዳለፋት ትዝ ያላት።

ጓዳው ውስጥ ማንም የለም። ጋኑ እንደተከደነ ነው። ጥሩወርቅ ቆማ ስታዳምጥ ቆየችና ተመልሳ የተበተነውን ምስር ከመሬት ትለቅም ጀመር። ለማንም አልተናገረችም። በዚያ ዓመት፣ በ1958 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ለማንም ያልተናገረችው ነገር ይህ ብቻ አልነበረም።

ቤታቸው ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። አያቷ ከሸዋ መጥተው እዚያው የቀሩ ወታደር ነበሩ፤ ቤቱም ከእሳቸው የተወረሰ ነው። ባሏ ሀብተወልድ መምህር ነው። በዚያ ዓመት ጅጅጋ ተመድቦ ሲሄድ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ አደራ ብሏት ነበር።

«ልጅቷ ካመማት ሐኪም ቤት ውሰጃት። እንጥሏ ወርዷል እያሉ እንዳያሳስቱሽ። ጉሮሮዋን ማንም አይንካት።»

«እሺ» አለችው። እሺ ያለችው ከልቧ ነበር።

የካቲት ላይ ሮማነወርቅን ትኩሳት ያዛት። ሳሏ አላቆም አለ፤ የበላችውን ሁሉ ታስመልሳለች። ጥሩወርቅ ከእሷ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ነበራት፤ በሦስት ዓመቱ ጉሮሮው አብጦ፣ ታንቆ ሞተ። ያን ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ «ምነው እንጥሉን ብታስቆርጪው ኖሮ» እያለ ነበር ከድንኳኑ የወጣው። እናም ሮማነወርቅ ምራቋን መዋጥ ሲያቅታት ስታይ፣ የባሏ አደራ ሳይሆን የለቀስተኛው ቃል መጣባት። ነጠላዋን ደርባ ሄደችና እትዬ በለጡን ጠራቻቸው።

እትዬ በለጡ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እንጥል የቆረጡ ሴት ናቸው። የጥሩወርቅንም ራሷን በልጅነቷ የቆረጡት እሳቸው ነበሩ። የሮማነወርቅን አፍ በማንኪያ አስከፍተው አዩና «ወርዷል፤ ምላሷ ላይ ተጋድሟል» አሉ። ጥሩወርቅ ልጅዋን በጉልበቶቿ መሃል አድርጋ ጭንቅላቷን በሁለት እጆቿ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ሴትዮዋ ከፈረስ ጭራ የተገመደ ቀለበት አስገብተው ሳቡ። ቀጥለው በጥፍራቸው ግራና ቀኙን ፋቁ፤ ከትንሽ ብልቃጥ ደግሞ ግራጫ ዱቄት አውጥተው ነሰነሱበት። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ እስኪያልቅ እንኳ አልፈጀባቸውም። ልጅቷን ጋኑ አጠገብ ቀዝቀዝ ያለው ቦታ ላይ አስተኟትና እጃቸውን ሊታጠቡ ወጡ። ጥሩወርቅ እትዬ በለጡን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሸኘቻቸው፤ እዚያም ቆመው ጥቂት ተጨዋወቱ። ስትመለስ ልጅዋ እንቅልፍ ወስዷት አገኘቻት።

ከዚያ በኋላ ሮማነወርቅ አንዲት ቃል አልወጣትም። መጀመሪያ ሕመሙ ነው ተባለ። በሦስተኛው ቀን አንገቷ አብጦ ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር፤ ጥሩወርቅ አዝላት ሆስፒታል ስትደርስ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ሐኪሙ ለስብሰባ ድሬዳዋ ወርዷል። የተገኘው አንድ ሽማግሌ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ብቻ ነው።

«ጉሮሮዋን የነካ ሰው አለ?» አላት፣ መሣሪያውን እያሰናዳ።

«የለም» አለች።

ለሌላ ጥያቄ ጊዜ አልነበረም። ድሬሰሩ አንገቷን ቀዶ ቱቦ አስገባ፤ ልጅቷም ተነፈሰች። ቸኩሎ ከሚገባው በላይ ከፍ አድርጎ መቅደዱ የታወቀው ብዙ ቆይቶ ነው። ቢሆንም በዚያች ሰዓት እሱ ባይኖር ኖሮ ያን ዕለት የሚጠራው ቀባሪ ነበር።

ሀብተወልድ ቴሌግራም ደርሶት በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሲመጣ ጥሩወርቅ ለድሬሰሩ ያለችውን ደገመችለት። የጉሮሮ በሽታ ነው፤ ድንገት ነው፤ ማንም አልነካትም። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለላት። እሱም አመናት፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የልጅቷን እግር ይዞ አለቀሰ።

ቱቦው ለሁለት ሳምንት ነው ተብሎ ነበር። ሊያወጡት ሞከሩ፤ ቀዳዳውን በጣት ሲሸፍኑባት ፊቷ ይጠቁራል፤ መልሰው አስገቡት። በዓመቱ አንድ ሌላ ሐኪም አስተኝቶ ጉሮሮዋን በብረት ዘንግ ሊያሰፋ ሞከረ። ያ ደግሞ ጠባሳውን አባሰው። «ስታድግ አብሮ ይሰፋ ይሆናል» ብሎ ሸኛቸው። ልጅቷ አደገች፤ ጉሮሮዋ አልሰፋም።

እንዲህ ሆኖ ስድስት ዓመት አለፈ። ሀብተወልድ ተማጽኖ ወደ ሐረር ተዛወረ። ጥሩወርቅ በየቀኑ ቱቦውን አውጥታ በፈላ ውሃ ታጥባለች፤ አቧራ እንዳይገባባት በስስ ጨርቅ ትሸፍናታለች። ልጅቷ በአምስት ዓመቷ ፊደል ቆጠረች፤ የምትጽፈውን የሚያነብላት እንዲኖር ብላም እናቷን አስቆጠረቻት። ሁለቱም አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላይ አጎንብሰው «ሀ ሁ» ሲሉ፣ የሚባለው በእናትየው አፍ ብቻ ነበር። ሮማነወርቅ እናቷን ስትፈልግ አንድ ጊዜ ታጨበጭባለች፤ ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረውን ሐረሪ ጎረቤታቸውን ቡሽራን ስትፈልግ ሁለት ጊዜ። ቡሽራ ጭብጨባውን ስትሰማ የያዘችውን ትታ ትመጣለች። «አላህ ያለው ቀን ትናገራለች፣ ኢንሻአላህ» ማለት አይሰለቻትም።

ከጓዳ የሚመጣው ድምፅም አልሰለቸውም። ሁልጊዜ ቀትር ላይ ነው፤ አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴ በወር። ሮማነወርቅ አምስት ሞላት፣ ሰባት ሞላት፣ ዘጠኝ ሞላት፤ ድምፁ ግን የአራት ዓመት ልጅ ድምፅ እንደሆነ ቀረ። ጥሩወርቅ ጋኑን ከቦታው አነሳችው፤ ጸበል ረጨች፤ ጓዳውን በነጭ አፈር መረገች። አልተለወጠም። እሷም እንደ ልማዷ «ወዬ» ማለቷን አልተወችም፤ ሳትመልስ የቀረች ቀን እጇ ሥራ አይይዝላትም።

አንድ ቀን ዞር ስትል ሮማነወርቅ ቆማ ታያታለች። ልጅቷ ሰሌዳዋን አንስታ ጻፈች። «ማንን ነው ወዬ የምትዪው?»

«ቡሽራ የጠራችኝ መስሎኝ ነው» አለች ጥሩወርቅ።

ሮማነወርቅ ወደ ጓዳው ተመለከተች፤ እናቷንም ተመለከተች። ከዚያ ጽሑፉን በእጅጌዋ አጠፋችው።

እትዬ በለጡ ሮማነወርቅን ከቆረጡበት ቀን ወዲህ የማንንም ልጅ ጉሮሮ አልነኩም። ሰው ቢለምናቸው «እጄ ደክሟል» ይላሉ። በየፋሲካው ለሮማነወርቅ እንቁላል ይልካሉ፤ ራሳቸው ግን ደጃፉን አይረግጡም። ጥሩወርቅን በመንገድ ሲያገኙ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። ስማቸውን ለባሏ እንዳልጠራች ያውቃሉ፤ እሷም እንደሚያውቁ ታውቃለች። በ1963 ዓ.ም. ሞቱ። ጥሩወርቅ ልጅዋን ይዛ ለቅሶ ደረሰች። አልቃሽዋ ሙሾዋን አውርዳ ድንኳኑ ጸጥ ባለ ጊዜ የሚሰማው የሮማነወርቅ ቱቦ ፉጨት ብቻ ሆነ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ። ሰዎች አንድ በአንድ ዞሩ። አንዲት ሴት «ይቺን ልጅ ምነው ባላመጣሻት» ብላ በሹክሹክታ ተናገረች። ጥሩወርቅ ልጅዋን ይዛ ወጣች። አሁን ነገሩን የምታውቀው እሷ ብቻ መሆኗን እያሰበች እስከ ቤቷ ድረስ አንገቷን አላቀናችም።

በ1964 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ዶክተር አባይነህ የሚባል ቀዶ ሐኪም ከተማው ውስጥ ሥራ ጀመረ። ጉሮሮ ያውቃል ተባለ። ሀብተወልድ በዚያው ሳምንት ቤተሰቡን ይዞ ሄደ። ሐኪሙ ልጅቷን አስተኝቶ መብራት ባለው መሣሪያ ጉሮሮዋን አየ፤ ሲጨርስም ባልና ሚስቱን ቢሮው አስገብቶ በሩን ዘጋ።

«ሁለት ጠባሳ ነው ያለው» አለ። «አንደኛው ከድምፅ አውታሮቿ ሥር ነው፤ ቱቦው ሲገባና በብረት ሲሰፋ የተፈጠረ። እሱን ጠብቄው ነበር። ሁለተኛው ከላይ ነው። ላንቃዋ ከጉሮሮዋ ጀርባ ጋር ተጣብቋል፤ የቀረው ቀዳዳ ሽምብራ አያሳልፍም። እንጥሏም የለም።»

«እንዴት የለም?» አለ ሀብተወልድ። «እንጥሏ አልተቆረጠም። እኔ ራሴ ከልክያለሁ።»

ዶክተሩ ዓይኑን ወደ ጥሩወርቅ መለሰ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ማን እንዳደረገው አልጠይቅዎትም» አለ። «ምን እንደተደረገ ግን ማወቅ አለብኝ። ተቆርጦ ብቻ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ተፍቆ ወይም ተቃጥሎ ከሆነ ጠባሳው ጥልቅ ነው፤ የምከፍተውም በሌላ መንገድ ነው። በግምት ገብቼ ደም ቢፈሳት ላተርፋት አልችልም።»

ጥሩወርቅ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። ከበሩ ውጭ የሮማነወርቅ ፉጨት ይሰማታል።

«በጭራ ነው የተቆረጠው» አለች። «ከዚያ በጥፍር ተፋቀ። ዱቄት ነሰነሱበት።»

«የምን ዱቄት?»

«አላውቅም። ግራጫ ነው። ያቃጥላል ግን ያደርቃል ብለውኛል። ደሙ እስከ ማታ አልቆመም። ጭንቅላቷን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ ይጽፋል። ሀብተወልድ አልጮኸም። ከሆስፒታሉ ሲወጡ ልጅቷን እጇን ይዞ ቀድሞ ሄደ፤ ሸዋ በር ገበያው ውስጥ ሲደርሱ ቆሞ ጠበቃትና ፊቷን ሳያይ ተናገረ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ እግዚአብሔርን ምን በድዬህ ነው ብዬ ስጠይቅ አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ትሰሚኝ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ጉዳይ በቀር አያናግራትም። «ጨው አልቋል» ይላል፤ «ነገ ሐኪም ቤት ነው» ይላል። ቡሽራ ነገሩ ገብቷት ይሁን ሳይገባት፣ ሰበብ እየፈለገች በቀን ሁለት ጊዜ ትገባ ጀመር።

የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ግንቦት ላይ ተደረገ። ዶክተሩ የተጣበቀውን ላንቃ አላቀቀ። ሁለተኛው ሐምሌ ላይ ነበር፤ እሱ ነው የከበደው። የጉሮሮዋን አጥንት ከፊት ከፍቶ፣ ጠባሳውን ቆርጦ አወጣ። ከጭኗ የወሰደውን ስስ ቆዳ በጎማ ላይ ጠቅልሎ፣ መንገዱ ተመልሶ እንዳይዘጋ እዚያው ውስጥ ሰፋው። አምስት ሰዓት ፈጀ። ጥሩወርቅና ሀብተወልድ ኮሪደሩ ላይ ባንድ አግዳሚ ወንበር በሁለት ጫፍ ተቀምጠው ጠበቁ። ነርሷ ሲስተር ገላነሽ ወጥታ «ደህና ናት» ስትላቸው ሁለቱም እኩል ተነሱ፤ ተያዩና መልሰው ተቀመጡ።

ጎማው መስከረም ላይ ወጣ። ከዚያ የቱቦውን አፍ በቡሽ እየደፈኑ በአፍንጫዋ መተንፈስ ያለማምዷት ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ሮማነወርቅ ቡሹን ነቅላ ወረወረችው፤ ዓይኗ ከጉድጓዱ ሊወጣ ደርሶ ነበር። በሦስተኛው ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ታገሰች። በሳምንቱ ዶክተሩ ቱቦውን አውጥቶ ቀዳዳውን በፋሻ ሸፈነውና «በይ፣ አንድ ነገር በዪ» አላት።

ልጅቷ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሲስተር ገላነሽ ፋሻውን በጣቷ ጫን አደረገችላት።

«ያማል» አለች ሮማነወርቅ።

ድምፁ ጎርናና፣ ወፍራም፣ የሽማግሌ ድምፅ ነው። ዶክተሩ ሳቀ፤ ሲስተር ገላነሽም ሳቀች። ጥሩወርቅ ግን ወደ ግድግዳው ዞረች። ያን ሁሉ መርፌ፣ ያን ሁሉ ብረት፣ በየቀኑ ቱቦ ሲወጣና ሲገባ፣ አንድ ቀን እንኳ ያማል ስትል ሰምታት አታውቅም ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ብቻቸውን ሆነው ጥሩወርቅ ፀጉሯን ስትሠራላት «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አለቻት። «ለአባትሽ ነግሬዋለሁ። አንቺም ከእኔ አፍ ብትሰሚ...»

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ። አንድ ቃል ተናግራ ታርፋለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። «ጭንቅላቴን ይዘሽ ነበር። እጅሽ ሽንኩርት ይሸት ነበር።»

የጥሩወርቅ ጣቶች ሹሩባው ላይ ቆሙ። «እና ለምን አልጻፍሽልኝም? ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ብጽፈው አባባ ያነበዋል።»

ሮማነወርቅ በጥቅምት መጨረሻ ቤቷ ገባች። ከመግባቷ ግድግዳውን ተጠግታ «ቡሽራ» ብላ ጠራች። ቡሽራ መጀመሪያ የወንድ ድምፅ መስሏት ሻሿን አስተካክላ ወጣች፤ ማን እንደሆነ ስታይ «አልሐምዱሊላህ» እያለች በሩ ላይ ተቀመጠች። ዶክተሩ ድምፁ ከዚህ በላይ እንደማይጠራ ተናግሯል፤ በየስድስት ወሩም መታየት አለባት። ሮማነወርቅ አልከፋትም። ያገኘችውን ሁሉ ድምፅ እያሰማች ታነባለች፤ የኪኒን ዕቃ፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ የአባቷን የተማሪዎች ወረቀት።

ጥሩወርቅ ልጅዋ ስትናገር የጓዳው ድምፅ ዝም ይላል ብላ ነበር። ዝም አላለም። በሁለተኛው ሳምንት ሮማነወርቅ ግቢው ውስጥ ከቡሽራ ጋር ስታወራ፣ በዚያችው ቅጽበት ከጓዳ «እማዬ፣ ነይ» አላት። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ሰማቻቸው፤ ጎርናናውን ከውጭ፣ ቀጭኑን ከውስጥ። በሩ መቃን ላይ እጇን አሳርፋ ወዴት መሄድ እንዳለባት ሳታውቅ ቆየች።

ኅዳር ላይ፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሀብተወልድ ቁርሱን በልቶ ሳይነሳ ቆየ። ልጅቷም አለች።

«ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አላት። «ሐኪሙ ፊት የተናገርሽው ለሐኪሙ ነው። ለኔ አልነገርሽኝም።»

ጥሩወርቅ ነገረችው። ትኩሳቱን፣ ሳሉን፣ የሞተውን ልጃቸውን እንዴት እንዳሰበች፣ ነጠላዋን ደርባ እንዴት እንደወጣች። እሱ አያቋርጣትም። የሚያቋርጣት ሮማነወርቅ ነበረች።

«በር ላይ አልነበረም፤ እዚህ ምሰሶው ጋ ነው» ትላለች። ወይም «እትዬ በለጡ ሲስቡ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። እኔ አይቻቸዋለሁ።»

ጥሩወርቅ እየታረመች ቀጠለች። «ከዚያ ጋኑ አጠገብ አስተኛንሽ። እጃችንን ታጠብን። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኘኋቸው። ስመለስ ተኝተሽ ነበር።»

«አልተኛሁም» አለች ሮማነወርቅ።

እናቷ ቀና አለች።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ጠርቼሽ ነበር። አልመጣሽም።»

«ምን ብለሽ?» አለች ጥሩወርቅ። ድምፅዋ ከልጅዋ ድምፅ ይበልጥ ተዘግቶ ነበር።

«እማዬ ነይ እያልኩ። ብዙ ጊዜ። መጀመሪያ እየጮህኩ፣ በኋላ ደሙ አፌን ሲሞላው ቀስ እያልኩ። ስትገቢ አልወጣ አለኝ። ተቀይሜሽም ነበር። ስለዚህ ዓይኔን ጨፈንኩ።»

ጥሩወርቅ በጓዳው በኩል ስለሚመጣው ነገር ለሰው ትንፍሽ ብላ አታውቅም፤ ለባሏም፣ ለንስሐ አባቷም፣ ለዚህች ልጅም። ፊቷን ወደ ጓዳው በር መለሰች። ሀብተወልድ አያት። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አደረገ፤ ግን አልነካትም።

«በቃሽ የኔ ልጅ» አለ ለሮማነወርቅ። «ጉሮሮሽ ይደክማል።»

«ገና አልጨረስኩም» አለች ልጅቷ። አንገቷ ላይ ያለውን ፋሻ በጣቷ ጫን አድርጋ ቀጠለች።